ጥማዱን ማን ያስጠጋል?

ለማይጠቅመን ፍጡር ግዴታ አለብን ወይስ የለብንም? ጥያቄው ከባድ ነው፤ በከባድ ቃላት ከጀመርነው ግን እንደ ልማዳችን በከባድ ቃላት እንጨርሰውና ማናችንም ሳንነካ እንለያያለን። ስለዚህ በትንሽ ምሳሌ ልንይዘው አሰብን። ምሳሌያችን ሁለት የታመሙ ድመቶች ናቸው። የሚስቅ ይኖራል። ይሣቅ፤ ብቻ እስከ መጨረሻው አብሮን ይዝለቅ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአውሮጳና በአሜሪካ ከተሞች ባለቤት ያጡ እንስሳት የሚሰበሰቡባቸው መጠለያዎች አሉ። ድመት ማሳደግ የፈለገ ሰው ወደዚያ ሄዶ መርጦ ይወስዳል። ከድመቶቹ መካከል አንዳንዶቹ ተላምደው ያደጉ ናቸው፤ ሲተኙ አንዷ የሌላዋን ጀርባ ትንተራሳለች፤ ሲበሉ ጎን ለጎን ናቸው። ሲለያዩ አንዳንዷ መብላት ታቆማለች፤ ጥግ ይዛ ትቀመጣለች፤ ሌሊቱን ስትጣራ ታድራለች። ስለዚህ የመጠለያው ሰዎች «ሁለቱን ትወስዳለህ፤ አለዚያ አንዷንም አትወስድም» ይላሉ። ከጥንዶቹ አንዷ ወይም ሁለቱም ሕመምተኛ ሲሆኑ ደግሞ፣ ለምሳሌ አንዷ ዓይነ ስውር፣ ሌላዋ ኩላሊቷ የደከመ ወይም በቀን ሁለት ጊዜ የስኳር በሽታ መርፌ የሚያስፈልጋት ስትሆን፣ ነገሩ ይከብዳል። ጤነኛ ግልገል ድመት የሚፈልግ ሞልቷል። የታመመ ጥማድ የሚወስድ ግን ጥቂት ነው። ጥቂት ይሁን እንጂ አለ። ይህ ሰው ምን አስቦ ነው? ሞኝ ነው? ወይስ እኛ ያላየነውን አይቷል?

ይህን ወሬ ደብረ ብርሃን ላይ ቆሞ ማውራት ቀላል አይደለም። እዚህ «መጠለያ» የሚለው ቃል ሲነሣ ማንም ሰው ድመት አይታሰበውም። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ተቃጥላለች። ከወለጋ የተፈናቀሉ ወገኖቻችን በዚህች ከተማ መጠለያዎች ዓመታት ቆጥረዋል። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና በደረሰ ጊዜ ብዙ ሰው ልጁን አዝሎ ሽቅብ ወደ ደብረ ብርሃን ተሰዷል። ታዲያ አንዱ ጓደኛችን ተነሥቶ «ሰው በሸራ ሥር እያደረ ስለ ድመት ትጽፋላችሁ እንዴ? ይሄ እኮ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው!» ቢለን ምን እንመልሳለን? ይህን ተቃውሞ በፈገግታ ልናልፈው አንችልም። ጽሑፋችን ዋጋ የሚኖረው ለዚህ ጓደኛ የሚመልሰው ነገር ካገኘ ብቻ ነው። መልሱን ግን መንገድ ሳንሄድ አናገኘውም።

በመጀመሪያ ድመት በእኛ ዘንድ ምን እንደሆነች እንይ። በሰሜን ሸዋ ገበሬ ቤት ድመት የምትገባው በሥራ ነው። ገብሱ፣ ስንዴው፣ ባቄላው ጎተራና ጎታ ውስጥ ይገባል፤ አይጥ ይከተለዋል፤ አይጡን ድመት ትከተላለች። ደመወዟ የያዘችው ነው። ማታ ምድጃው ሲቀዘቅዝ አመዱ ላይ ትተኛለች፤ ማንም «ነይ ግቢ» አላላትም፤ ማንም «ውጪ» አይላትም። ይህ ውል በሸዋ የተጀመረ አይደለም። በቆጵሮስ ደሴት ከ9500 ዓመት ገደማ በፊት ከሰው ጎን የተቀበረች ድመት ተገኝታለች። የቤት ድመት ሁሉ የዘር ግንድ የሆነችው የአፍሪካ የዱር ድመት ዛሬም በአገራችን አለች። ሰው እህል ማከማቸት ሲጀምር ድመት በገዛ እግሯ መጣች ማለት ይቻላል። ላምና በግ ተይዘው ተላመዱ፤ ድመት ግን ጥቅሟን አይታ ቀረበች። ስለዚህ ከእንስሳት ሁሉ ከእኛ ጋር ያላት ግንኙነት ውል ይመስላል፤ «አይጥ ልያዝ፣ ጥግ ስጠኝ» የሚል።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። ድመቷ ዓይኗ ቢጠፋ ውሉ ፈረሰ? አይጥ የማትይዝ ድመት ጥጉን ትልቀቅ? የብዙ ቤት መልስ ይታወቃል። በኩንታል ከትቶ ራቅ ያለ ሰፈር መጣል ነው። በሌሎቹ እንስሳትም ያው ነው። ያረጀ በሬ ደልቦ ለሥጋ ይሸጣል። ጭነት ያቃታት አህያ በረት ሳይዘጋባት ታድራለች፤ ሌሊቱ የጅብ ነው። ከዚያ በኋላ «አህያም የለኝ ከጅብም አልጣላ» ማለት ነው። እኛ እዚህ ተቀምጠን ገበሬውን ለመውቀስ አልተነሣንም። ለበሬው መኖ የሚሰጠው ከልጁ ሽሮ ላይ ቀንሶ በሚሆንበት ዓመት ምርጫው የእኛን የመሰለ አይደለም።

መርሁን ግን መመርመር መብታችን ነው። «የጠቀመኝን አኖራለሁ፤ ያልጠቀመኝን እጥላለሁ» የሚል መርህ በበረት በር ገብቶ በበረት አይቀርም። ውሎ አድሮ ወደ ጓዳ ይዘልቃል። ጓዳ ውስጥ ደግሞ መፍተል ያቃታቸው አያት አሉ፤ መሄድ የማይችል ልጅ አለ። «ሰውና እንስሳ አንድ አይደለም» ይባል ይሆናል። ልክ ነው፤ አንድ አይደለም። ግን አያታችንን የምናኖራቸው ጠቃሚ ስለሆኑ አይደለም፤ እንግዲያው ለአንድ ፍጡር ጥግ ለመስጠት ጥቅም ብቸኛው ምክንያት እንዳልሆነ በገዛ ቤታችን አምነናል ማለት ነው። ያ ሌላው ምክንያት ምን እንደሆነና እስከ ድመቷ ድረስ ይደርስ እንደሆነ ነው ጥያቄው።

ፈላስፎቹ ሁለት መንገድ ያሳዩናል። ካንት ለእንስሳ በቀጥታ ግዴታ የለብንም ባይ ነው፤ ነገር ግን በእንስሳ ላይ መጨከን የለመደ ሰው በሰው ላይም ይጨክናልና ለራሳችን ሰውነት ስንል መጠንቀቅ አለብን ይላል። ቤንታም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1789 በታተመ መጽሐፉ ሚዛኑን ወደ እንስሳው አዞረው። መናገር መቻሉ ወይም ማሰብ መቻሉ አይደለም ዋናው፤ መሠቃየት መቻሉ ነው። ካንት ድመቷን የእኛ ምግባር መለማመጃ ያደርጋታል፤ ቤንታም ሥቃይ ቋጣሪ ያደርጋታል። ሁለቱም የያዙት እውነት አለ። ግን ለእኛ ከሁለቱ ይልቅ የሚቀርበን አንድ የገዛ ቃላችን ያለ ይመስለናል። እሱም «ጡር» ነው።

ልጅ ሳለን ውሻ በድንጋይ ስንመታ አሮጊቶቹ «ተው ልጄ፣ ጡር አለው» ይሉን ነበር። ቃሉን ጠጋ ብለን እንየው። ነውር ሰው ሲያይ ነው። ወንጀል ከሳሽና ዳኛ ሲኖር ነው። ጡር ግን ማንም ሳያይ፣ ማንም ሳይከስ የሚመጣ ነው። እንዲያውም የሚመጣው ተበዳዩ መክሰስ ስለማይችል ነው። በባለሥልጣን ላይ የሠራኸው ጡር አይባልም፤ እሱ ራሱ ይከስሃል። ጡር የሚባለው በድኃ አደጉ፣ በደካማው፣ አፍ በሌለው እንስሳ ላይ የተሠራው ነው። ማለት አሮጊቶቻችን ያስተማሩን የግዴታው ምንጭ ጥቅምም ውልም አለመሆኑን ነው። የሌላው አቅመ ቢስነት ራሱ ነው ግዴታውን የሚወልደው። ይህ አስተሳሰብ ውልን ገልብጦታል። በውል ደካማው ምንም ድርሻ የለውም፤ በጡር ግን ዋናው ባለመብት ደካማው ነው።

ይሁን እንጂ እዚህ ላይ አንድ ብልህ ተከራካሪ ያቆመናል። «ጡር አትምታ ይላል፤ አንሣ አይልም። ድመቷን አለመደብደብ ግዴታ ነው እንበል። የታመመችን ከመንገድ አንሥቶ ቤት ማስገባት ግን ጽድቅ እንጂ ግዴታ አይደለም» ይላል። ጥሩ ክርክር ነው። አለመጉዳትና መርዳት አንድ አይደሉም። በቅዱሳት ትረካዎቻችንም መርዳቱ ብዙ ጊዜ እንደ ትርፍ ደግነት ነው የሚታየው። አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በሥዕላቸው ላይ በአንበሶችና በነብሮች ተከበው፣ ውኃ የጠማት ወፍ ከዓይናቸው እንባ ስትጠጣ እናያለን። ይህ የቅዱስ ሥራ ነው፤ የሁላችን ግዴታ ነው ማለት ይከብዳል። በላዔ ሰብም ለተጠማው በሽተኛ የሰጠው ጥርኝ ውኃ ሚዛን የደፋው፣ ከእሱ ማንም የማይጠብቀው ነገር ስለነበረ ነው።

ከአንኮበር ገደል ወርደን አልዩ አምባ ገበያ ብንቀመጥ ግን ሌላ ትረካ እንሰማለን። የአካባቢው አርጎባ ሙስሊሞች የሚያውቁት ሐዲስ ነው። ነቢዩ መሐመድ ድመት በመበደሏ ስለተቀጣች ሴት ተናግረዋል። በደሏ ምንድነው? ድመቷን ዘጋችባት፤ አላበላቻትም፤ ወጥታም የራሷን እንድትፈልግ አልለቀቀቻትም። እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ሴትዮዋ ብትለቃት ኖሮ ማብላት ባልተጠየቀችም ነበር። ማብላት ግዴታ የሆነባት በሩን ስለዘጋች ነው። እንግዲህ ለተከራካሪያችን የሚሆነው መልስ ይኸው። «አትጉዳ» የሚለው «አንሣ» ወደሚለው የሚሻገረው የሌላውን መውጫ እኛ በዘጋንበት ቦታ ላይ ነው።

ዓይኗ የጠፋ ድመት ደግሞ መውጫዋ ሁሉ ዝግ ነው። በሰው ቤት ተወልዳ፣ በሰው ምድጃ አጠገብ አድጋለች፤ ወደ ዱር ብትሄድ አደን አትችልም። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። በጾመኛ ቤት ሥጋ የለም፤ ወተት የለም፤ ሽሮና ምስር ነው። ጤነኛዋ ድመት ግድ የላትም፤ አይጧን ትይዛለች። ድመት ግን እንደ ውሻ የተገኘውን በልታ አትኖርም። ሰውነቷ ታውሪን የሚባለውን ንጥረ ነገር በበቂ መሥራት ስለማይችል ከሥጋ ማግኘት አለባት፤ ለረዥም ጊዜ ካጣችው ዓይኗ ይጠፋል፤ ልቧ ይደክማል። እንግዲህ ማደን የማትችለው ድመት በዚያ ቤት ውስጥ የምትጾመው የእኛን ጾም ነው፤ ማንም ሳይጠይቃት። ጾሙን አንነቅፍም። ጾመኛው ግን ሥጋ ቤት ደጃፍ ለድመቷ ቁራጭ ቢለምንላት ጾሙ አይፈርስበትም እንላለን።

ስለ ዕውር ድመት ካነሣን አይቀር የአገራችንን ስም የያዘችውን እናስታውስ። በውጭ አገር «አቢሲኒያ» የምትባል የድመት ዝርያ አለች። ከመቅደላ ጦርነት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1868፣ ዙላ የምትባል ድመት ከእኛ አገር ወደ እንግሊዝ ተወሰደች፣ የዝርያዋም እናት እሷ ናት ይባላል። የዘር ምርመራው ግን ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ነው የሚጠቁመው፤ ስሙ እንጂ ዘሩ የእኛ አይመስልም። በዚህች ዝርያ ውስጥ ቀስ በቀስ የሚያሳውር በዘር የሚወረስ የዓይን ሕመም ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2007 የድመት የዘር መዝገብ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነበብ የተመረጠችው ሲናሞን የምትባል አቢሲኒያ ድመት ስትሆን፣ የመጣችውም ይኸው ሕመም ካለበት ቤተሰብ ነበር። ምርመራው የሰውን ዕውርነት ለመረዳትም ረድቷል። «አያችሁ፣ የታመመችም ትጠቅማለች!» ብለን እዚህ ላይ ጽሑፋችንን መዝጋት እንችል ነበር። አንዘጋውም። በጥቅም ካስገባናት ጥቅሟ ሲያልቅ በጥቅም እናስወጣታለን። እኛ የምንፈልገው ምንም ለማታበረክተው ድመት የሚበቃ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ጥማዱ እንምጣ። አንዷን ማስጠጋት ግዴታ ሊሆን ይችላል ብንል እንኳ ሁለቱን ለምን? ለዚህ ከሸዋ ገበሬ የተሻለ አስረጂ የለንም። በሬ ጥማድ ነው። ቀኝ የለመደ አለ፤ ግራ የለመደ አለ። አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር መቀናጆ ይገጥማል፤ አንድ ቀን ለዚህ፣ አንድ ቀን ለዚያ ያርሳሉ። በ1970ዎቹ ዓ.ም. ኢልካ በሚል አጭር ስም የታወቀው የእንስሳት ምርምር ማዕከል በደብረ ዘይትና በደብረ ብርሃን አካባቢ በአንድ በሬ ማረስ የሚያስችል ቀንበርና ሞፈር ሞክሮ ነበር። ማረሱስ ታረሰ፤ በገበሬው ዘንድ ግን አልተስፋፋም። ገበሬው ጥማድን የሚያስበው እንደ ሁለት በሬዎች ድምር ብቻ አይደለም። ከሁለቱ መካከል የሚገኝ ሦስተኛ ነገር አለ፤ መላመድ የሚባል፤ ከገበያ የማይገዛ፣ በጊዜ ብቻ የሚገኝ።

በድመቶቹ ዘንድ ይህ ሦስተኛ ነገር የበለጠ የሚያስደንቅ ነው። በሬ የመንጋ እንስሳ ነው፤ ቀንበሩንም የሠራነው እኛ ነን። ድመት ግን ለብቻዋ የምታድን ፍጡር ናት። ሁለት ድመቶች ተላምደው አንድ ላይ ሲተኙ ማንም አልጠመዳቸውም፤ ተፈጥሮም አላስገደዳቸውም፤ ራሳቸው ተጠማመዱ። ከባሕር ወለል በላይ 2800 ሜትር ገደማ በሆነው በደብረ ብርሃን ብርድ፣ ብርድ ልብስ በሚሠራበት ከተማ ውስጥ፣ የአንዷ ብርድ ልብስ ሌላዋ ናት። አንዷ ዓይነ ስውር ስትሆን ደግሞ የጓደኛዋን ድምፅና ሽታ ተከትላ ወደ ሳህኑ ትሄዳለች። ይህንን ስትለያይ የምትቀማት ጓደኛ ብቻ አይደለም፤ መንገዷን ነው።

እኛ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ስለሆንን አንድ ነገር እንጠረጥራለን። ይሄ ሁሉ ሰውኛ ዘይቤ አይደለም ወይ? ፍቅር፣ ናፍቆት፣ ጓደኝነት እያልን የራሳችንን ልብ ድመቷ ውስጥ እየጨመርን አይደለም ወይ? ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቃሉን እንተወው፤ ፍቅር አንበለው። ግን ከጓደኛዋ ስትለይ መብላት ማቆሟ ዘይቤ አይደለም። ድመት ለተከታታይ ቀናት ካልበላች ጉበቷ ይጎዳል፤ ያለ ሕክምናም ልትሞት ትችላለች። በሬና በሬ ሲለያዩ ቀንበሩ ባዶ ይሆናል፤ ባለቤቱ ይጎድልበታል፤ ይጮኻል። ድመትና ድመት ሲለያዩ ግን ለእኛ የሚታይ ጉድለት የለም። የጎደለው ለእነሱ ብቻ ነው፤ እነሱ ደግሞ አይከሱም። ጡር ማለት ይኸው ነው።

ከዚህ ላይ ግን መርሁን ጣዖት እንዳናደርገው እንጠንቀቅ። አንድ ክፍል ውስጥ ስለተገኙ ብቻ ሁለት ድመቶች ጥማድ አይሆኑም፤ የሚቧጨሩም አሉ፤ እነሱን መለየት ነው ደጉ። ደግሞም መጠለያው ሞልቶ፣ አንዷን ብቻ የሚወስድ ሰው ቆሞ፣ ባይወስዳት ሁለቱም የሚሞቱ ከሆነ፣ ሕይወት ከጓደኝነት ይቀድማል፤ ትዳን። «ሁለቱን ወይም አንዷንም» የሚለው ሕግ የወጣው ለድመቶቹ እንጂ ድመቶቹ ለሕጉ አልተፈጠሩም። ሁለት ጎረቤታሞች አንድ አንድ ወስደው አጥሩን ክፍት ቢያደርጉትስ? መቀናጆ ይሉታል የሸዋ ሰዎች።

አሁን ለዚያ ጓደኛችን መልስ መስጫው ደረሰ። «ሰው ሳይጠለል ለድመት?» ላለን። በመጀመሪያ እውነት ያለበትን ቦታ እንቀበል። የስኳር በሽታ ያለባት ድመት የምትወጋው ኢንሱሊን ሰው የሚወጋው ዓይነት ነው። በአገራችን በመድኃኒት እጥረትና በዋጋው የተነሣ ኢንሱሊን ያጣ ሰው እያለ ለድመት እሱኑ መግዛት ተገቢ ነው ብለን አንከራከርም። የሚያልቅ ነገር ሲሆን፣ አንዱ ሲወስድ ሌላው የሚያጣው ሲሆን፣ ሰው ይቀድማል። እንዲህ ያለችው ድመት ሥቃይዋ ከበዛ በእንስሳት ሐኪም እጅ በእርጋታ ማሳረፍ ራሱ የምሕረት ሥራ ነው፤ በከተሞቻችን ለውሾች እንደተለመደው በመርዝ ሥጋ እያንፈራገጡ መግደል ግን አይደለም።

ይሁን እንጂ ለታመመ ጥማድ የሚያስፈልገው ሁሉ ኢንሱሊን አይደለም። አብዛኛው ንጹሕ ውኃ፣ የሥጋ ቁራጭ፣ ብርድ የማይገባበት ጥግ፣ ሳህኑን ቦታውን ሳይለውጡ ማስቀመጥና ዕውቀት ነው። ዕውቀቱ ነጻ ነው። ለምሳሌ ለእኛ ራስ ምታት የምንውጠው ፓራሲታሞል ለድመት ገዳይ መርዝ ነው፤ በደግነት ሰጥቶ የሚገድል አለ። በመርዝ የሞተ አይጥ የበላች ድመት አብራ ልትሞት ትችላለች። የእብድ ውሻ በሽታ በድመትም ይተላለፋልና ማስከተብ ያስፈልጋል፤ የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውኃ 15 ደቂቃ ያህል አጥቦ ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት የድመት ኩስ ባትነካ ይመረጣል። እ.ኤ.አ. በ1986 በካሊፎርኒያ የተገኘው፣ የድመትን በሽታ የመከላከል አቅም የሚያዳክመው ቫይረስ ደግሞ ወደ ሰው አይተላለፍም፤ የያዛትም ድመት ዓመታት ልትኖር ትችላለች። ኤች አይ ቪ የያዘውን ሰው ሲኒ ለይተን ያስቀመጥን ሕዝብ እንደሆንን አንርሳ፤ ያንን ያደረግነው ጨካኝ ስለሆንን ብቻ ሳይሆን ስላላወቅንም ነበር።

ሁለተኛው መልሳችን ይህ ነው። ርኅራኄ እንደ ጤፍ ጆንያ በተሰፈረ ቁጥር የሚጎድል ነው ወይ? ገንዘብ ይጎድላል፤ ጊዜ ይጎድላል። የማየት ልማድ ግን በሥራ ይጠነክራል። «ከራስ በላይ ነፋስ» የሚለው ሰው ድመቷን ያለፈበት ጊዜ ተርፎት ለተፈናቃዩ ሲያውል አላየንም። እስቲ አንድ ነገር እንጠይቅ። አንድ የተሰደደ ቤተሰብ ደጃችን ቢመጣና «ሥራ የሚችለውን ልጅ እንወስዳለን፤ ታማሚዋ እኅቱ ሌላ ቦታ ትፈልግ» ብንል ምን እንባላለን? መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሰውን ከድመት ጋር እያወዳደርን አይደለም፤ ይህ ነውር ይሆናል። የምናወዳድረው የእኛኑ ሁለት ምርጫዎች ነው። ጤነኛውን መርጦ ታማሚውን መተው፣ የተጣመዱትን ለእኛ በሚመች ቦታ መቁረጥ፣ አንድ ልማድ ነው። ካንት የተናገረው ልማድ። በትንሹ የለመደ እጅ በትልቁ አይንቀጠቀጥም።

ለእኛ ለተማሪዎች ደግሞ ነገሩ ሩቅ አይደለም። በየዩኒቨርሲቲው ካፌ ዙሪያ ድመቶች አሉ። ከመስከረም እስከ ሰኔ ፍርፋሪ እንጥልላቸዋለን፤ ስም እናወጣላቸዋለን፤ ዶርም አስገብተን እናሳድራቸዋለን። ሰኔ ሲደርስ ሻንጣችንን ይዘን እንሄዳለን። ክረምቱን የሚያስብ ማነው? ድመት 15 ዓመት ልትኖር ትችላለች፤ የእኛ ቆይታ አራት ወይም አምስት ነው። በር የዘጋችው ሴት ነገር እዚህ ላይ ይነካናል። አላምዶ መሄድም አንድ ዓይነት መዝጋት ነው። ስለዚህ ማስጠጋት የሚፈልግ አስቀድሞ ዕድሜውን ይቁጠር። ብቻውን የማይችል ከሆነ ከሌሎች ጋር ይቻላል፤ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንዲሉ። እድርና ማኅበር የፈጠረ ሕዝብ ልጆች ሆነን ለሁለት ድመቶች የክረምት ተራ ማውጣት ይሳነናል? ተመራቂው ለሚተካው ስም ጠርቶ ቢያስረክብ ምን ይከብዳል?

እንግዲህ አቋማችን ይህ ነው። ለዓለም ድመት ሁሉ ዕዳ የለብንም። ደጁን ለዘጋንባት፣ ላላመድናት፣ መውጫ ላጣችው ግን ዕዳ አለብን፤ ዕዳውም ብትታመም አይቀንስም፤ ይጨምራል እንጂ። ጥማድ ከሆኑ ደግሞ ጥማድነታቸው የድመቶቹ ሀብት ነው፤ ድኃ ያለውን አንድ ነገር መቀማት ደግሞ ጡሩ ይከብዳል። የማንችለውን አንግባ፤ ከገባን ግን በግማሽ አንግባ። የማይስማማን ካለ በሚቀጥለው እትም ይጻፍብን፤ እናነበዋለን። እስከዚያው ግን፣ ሰኔ ሳይመጣ፣ ካፌው ጀርባ ሁለቱ የት እንደሚተኙ አንድ ሰው ሄዶ ይይ።